ጠመንጃው የተንተራሰው ከረጢት

ናዝሬት፣ የካቲት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ልጄ ለአብተው፣

ከጤናህ በፊት ጆሮህን ልጠይቅ፤ የቀኙ እንዴት ሆነልህ? ከእሱ ቀጥሎ እንቅልፍህ፣ የምትበላው፣ የምትለብሰው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር አልነካኝም። ደንግጬ ነው እንጂ ታምሜ አይደለም፤ የደነገጥኩትም ባንተ ነው፤ አሁን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ካንተ ቀድመው ለሚያነቡት ጓድም ጤና ይስጥልኝ። ማንበባቸውን አልቀየምም፣ ሥራቸው ነው። ጽሕፈቴ ካስቸገራቸው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መሠረተ ትምህርት የገባሁት በስተርጅና ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየቀደድኩ ሳለሁ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ደጃፌ ላይ ቆመ። “እማማ በላይነሽ፣ ቀበሌ ይፈልጉዎታል፤ ስለ ልጅዎ ነው” አለኝ። ምን ሆነ ብለው፣ ለመናገር አልታዘዝኩም ብሎ ፊቱን አዞረ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። የሙሽራዋን ቀሚስ ከወገቡ በላይ እንደቀደድኩት ያየሁት በማግሥቱ ነው፤ እሷም እስካሁን አኩርፋኛለች።

አየህ፣ መርዶ በረፋድ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው በር የሚያንኳኳው። ይህን እያሰብኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ቀበሌ ከመቼ ወዲህ ነው የሽማግሌ ወግ የሚጠብቀው አልኩ። ጓዱ ይቅር ይበሉኝ፤ ያኔ የመጣልኝን ነው የምጽፈው። ከዚያ በኋላ ማሰብ አልቻልኩም። ነጠላዬን አነሳሁና ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ፣ ለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ ለብሼ ወጣሁ። ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ ብትለኝ፣ እጄ ነው ያደረገው።

ታዲያ መንገድ ላይ ጥለቴን ያየች ሴት ሁሉ በሯን እየዘጋች ተከተለችኝ። አንዲትም “ምን ሆነ?” ብላ አልጠየቀችም፤ ደግሞስ ምን ያስጠይቃል? የቀበሌው ግቢ ስደርስ ግማሹ ሰፈር ከኋላዬ ነበር። ቆሎ ሻጯ ሙሉዬ “ወየው አብቴን!” ስትል ሌላው ተቀበላት፤ ያን ጊዜ፣ ልጄ፣ መሬቱ ከዳኝ። ጎረቤታችን እቴቴ ሮማን ባትይዘኝ ኖሮ አፈር ላይ ነበር የምዘረጋው። ጓድ ሊቀመንበሩ ከቢሮው ሮጦ ወጣና ዙሪያውን ያይ ጀመር፤ ኋላ እንደነገረኝ እሱም የሌላ ሰው መርዶ ሳይነገረው የቀረ መስሎት ነው የደነገጠው። “ማን ሞተ?” ይላል፤ ማንም አይሰማውም። በመጨረሻ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ልጁ አልሞተም፣ አንደኛ ወጥቷል ብሎ ጮኸ።

“በምኑ?” አልኩ እኔ። በተኩስ አለኝ።

አሁን ሲያለቅሱ የነበሩት ያው ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ዕንባቸው እንኳ ገና አልደረቀም። የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ዘመናይ ወደኔ መጥታ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አነሳችና ጥለቱን ራሷ ወደ ታች መለሰችው፤ “እትዬ በላይነሽ፣ ደስታ እኮ ነው” ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ደስታ መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ገና ከለቅሶው አልተመለስኩም ነበር።

ከፊት አስቀመጡኝና ሊቀመንበሩ ከማሠልጠኛችሁ የመጣውን ምስጋና አነበበ። ከምልምሎቹ ሁሉ የሚስተካከልህ እንዳልተገኘ፣ አልሞ ተኳሽ ሆነህ እንደተመረጥክ፣ ባለ መነጽር ጠመንጃ እንደተሰጠህ፣ ሥልጠናው ሲያበቃም ወደ ሰሜን ግንባር እንደምትዘምት አነበበ። ይህን ሁሉ አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ከዚያ ምን አለ መሰለህ? ለዚህ ድል ያበቃው አርቀው የሚያስቡት እናቱ ሰፍተው የላኩለት የጠመንጃ ማስደገፊያ ከረጢት ነው አለ። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞሮ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ የትኛዋን እናት ነው የሚለው ብዬ ዘወር ዘወር አልኩ።

ልጄ፣ ለጆሮህ እኮ ነበር የሰፋሁት።

ሲመዘግቡህ ጆሮው ያመዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመግልበት ነው የኖረው፣ በአንድ ወገን አይሰማም ብዬ ለሐኪሙ ነግሬያቸው ነበር። ለተኩስ አንድ ጆሮ ይበቃል ብለው መለሱኝ። ይሁን፣ እሳቸው ያውቃሉ። ተኩሱ ጆሮህን እንደቀሰቀሰብህ ስትጽፍልኝ ግን ዝም ብዬ አልተኛሁም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በባቡር ጣቢያ ሲሠራ ይለብሰው የነበረውን የካኪ ሱሪ እግሩን ቆርጬ፣ ተልባ ሞልቼ፣ እንደ ድሮው አሙቀህ እንድትተኛበት ሰፋሁልህ። ትንሽ ሆነህ ሲያምህ እንዲሁ አልነበር? እኔ ገበያ ስውል የምታሞቅልህ እቴቴ ሮማን ነበረች። አንተንና ልጇን ገብረወልድን በአንድ ፍራሽ አስተኝታ፣ ጆሮህ ላይ ከረጢቱን ስታደርግልህ እሱም ሳያመው “እኔንም አመመኝ” እያለ ያስቸግራት ነበር። ተራ በተራ ታደርግላችሁ ነበር።

እናም አንተ “እማዬ፣ ከረጢቱ በጣም ጠቅሞኛል” ብለህ ስትጽፍ፣ እኔ ሞኟ ጆሮህ የዳነ መስሎኝ ስለቴን አስገብቼ ጧፍ አብርቼ መጣሁ። ምን እንደጠቀመህ አልጻፍክልኝም። እኔ ጆሮህን ያሞቀልኝ መስሎኝ ለካ ጠመንጃ ሲንተራስበት ኖሯል። እንዴት እንዳልነገርከኝ ነው የሚገርመኝ። ፈርተኸኝ ነው ወይስ ደስ ብሎህ? ደስ ብሎህ ከሆነ አልቆጣም፤ ሰው ሥራው ሲያምርለት ደስ ይለዋል። ብቻ እኔ ደንግጫለሁ፤ መደንገጥ ደግሞ የተከለከለ አይመስለኝም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማሠልጠኛችሁ ከረጢቷን ወዷት ኖሯል፣ ለሌሎቹም ልጆች እንዲሰፋ ቀበሌውን ጠየቀ። ጓድ ዘመናይ ሥራውን ለሴቶች ማኅበር ተቀበለችና እኔን አለቃ አደረገችኝ። ልጆቻቸው ካንተ ጋር የሄዱባቸው እናቶች ሁሉ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ጨርቅ አልነበረም፤ ያረጀው የዕድራችን ድንኳን ይቆረጥ ተባለ። የስንቱን ሬሳ የሸኘንበት ሸራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ መቀሱን አንሺ ስባል እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ትንሽ ቆየሁ።

ጭቅጭቁ የተነሳው በምን እንሙላው ላይ ነው። አንዷ ጤፍ ስትል፣ ጤፍ ከስፌት ያፈተልካል አልኩ። አሸዋ ሲሉ፣ ልጆቹ ተሸክመውት የሚሄዱት ነው፣ ይከብዳቸዋል አልኩ። ተልባ እንዳንተው ይሁን ሲሉ ግን ሙሉዬ ብድግ አለችና፣ ወገናችን በረሃብ በሚያልቅበት ዓመት የሚበላ እህል ሰፍተን ጠመንጃ እናስተኛበት ወይ አለች። ሁሉም ያጉረመርም ጀመር። ጓድ ዘመናይ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ “ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ” አለች። በቀልድ ነው ያለችው፣ ከዚህ ልጅ ክፋት አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ሙሉዬ ወዲያው ተቀመጠች። በኋላ ጉሎ ትዝ አለኝ። በየመንገዱ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ ፍሬውን ሰውም ከብትም የማይበላው፣ እንደ ልብ የሚንሸራተት ነገር ነው። ጉሎ ይሁን ተባለና ልጆቹን ልከን በጆንያ አስለቀምን።

እኔ ደግሞ ጠባዬን ታውቀዋለህ፤ ለምን እንደሚውል ያላወቅሁትን ነገር አልሰፋም። ስለዚህ ኦጋዴን ዘምተው አንድ እግራቸውን እዚያው ትተው የመጡትን ጎረቤታችንን ባሻ ፈዬራን አስጠራሁ። በክራንቻቸው እየተንኳኩ መጡና “አካም ጅርታ፣ በላይነሽ፤ በመርፌ ስታዘምቺ ሰማሁ” አሉ። አሠራሩን ያሳዩኝ ስላቸው፣ በአፍ የሚነገር አይደለም፣ ተኚ አሉኝ። በደረቴ ስተኛ ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ ጓድ ዘመናይ እንኳ ፊቷን ወደ ባንዲራው አዞረች። እኔ በዚህ ወገቤ የአዳራሹ ወለል ላይ በልቤ ተኛሁ። ባሻ የመወልወያውን ረጅም እንጨት አስይዘው ጫፉን የበሩ ደፍ ላይ አስደገፉልኝ፤ መጀመሪያ የሰፋሁትን ከረጢት ከሰደፉ ሥር፣ ማለቴ ከእንጨቱ መጨረሻ ሥር፣ አደረጉልኝ።

የሰው ክንድ ሕይወት አለው አሉ፤ ደም ይመላለስበታል፣ እስትንፋስ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፤ ጠመንጃውም አብሮ ይወዛወዛል። ከረጢቱ ግን ሕይወት ስለሌለው አይንቀጠቀጥም። በግራ እጅሽ ጨበጥ ስታደርጊው ሰደፉ ከፍ ብሎ አፈሙዙ ዝቅ ይላል፤ ለቀቅ ስታደርጊው ሰደፉ ይወርድና አፈሙዙ ይነሳል። ከዚያ ትንፋሽሽን ግማሹን አስወጥተሽ ያዢ አሉኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ጉሎው በጨርቁ ውስጥ ሸርተት ሸርተት ብሎ ከእጄ ጋር ተስማማ።

ልጄ፣ እንጨቱ ቆመ። እኔ እጄ በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት እንኳ የሚንቀጠቀጥብኝ ሴት፣ ያ ረጅም እንጨት በእጄ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በበሩ በኩል ማዶ ቦኖው ይታያል። ቦኖው ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን ስትሞላ ቆየችና ቀና ስትል ጭንቅላቷ ልክ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወዲያም ወዲህም አይልም። መቀነቷን ስታጠብቅ፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ አየኋት፤ እሷ እንደማያት አታውቅም። እቴቴ ሮማን ነበረች።

“በይ አሁን ሳቢው” አሉ ባሻ።

እንጨቱን ወርውሬ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ሁለት ሴት ደግፎ የሚያነሳኝ እኔ ብቻዬን ተነሳሁ። ባሻ ለቀልድ ነው ያሉት፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡ። ሴቶቹ ወገቧን ነው ብለው ውሃ አመጡልኝ። እኔም ወገቤን ነው አልኩ። ወገቤን አልነበረም። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። ሰው ለመግደል ብዙ ጉልበት፣ ብዙ ክፋት የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚያስፈልገው መረጋጋት ነው። ያንን መረጋጋት ደግሞ በገዛ እጄ ሰፍቼ የላክሁልህ እኔ ነኝ።

ባሻን ቤታቸው ስሸኛቸው በመንገድ ላይ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ምን ብዬ እንደጠየቅኋቸው እዚህ አልጽፈውም፤ ጓዱ ሥራ ይበዛባቸዋል። የመለሱልኝን ብቻ ልጻፍልህ። ክራንቻቸውን አቁመው “በላይነሽ፣ የማይመታም ልጅ ይላካል፤ እሱ እንዲያውም ከፊት ነው የሚላከው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ። የምትችለውን ያህል ደህና ወታደር ሁን፤ ወደኔ ተመለስ እንጂ ሌላው ሌላ ነው።

አሁን ስለ እቴቴ ሮማን ልንገርህ። ገብረወልድ ለሥራ ወደ ሰሜን፣ ወደ አገራቸው፣ ሄዶ እንደወጣ ቀርቷል። ሁለተኛ ክረምቱ አለፈ። ቀበሌ ጠርቶ ሲጠይቃት ለሥራ ነው የሄደው አለች፤ እኔንም ሲጠይቁኝ ለሥራ ነው ብያለሁ። ሰፈሩም ለሥራ ነው ይላል፤ ብቻ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሷ ስታልፍም ወሬ ይቀይራል። ዕቁባችን ውስጥ እንኳ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ደግፋ የያዘችኝ እሷ ነበረች ብዬሃለሁ። ምስጋናው ሲነበብ ግን ክንዴን የያዘው እጇ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶኛል። ሊቀመንበሩ ሰሜን ግንባር ያለ ጊዜ ነው።

ወደ ስፌቱ ሥራ ማንም አልጠራትም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ልጠራት አልደፈርኩም፤ ምን ብዬ ነው የምጠራት? ባለፈው ሐሙስ ግን ሳንጠራት መጣች። መርፌዋን በነጠላዋ ጫፍ ሰክታ ገባች፤ እንደምን ዋላችሁ አለች፤ እኔ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከተቆረጠው ሸራ አንዱን አንስታ መስፋት ጀመረች። ጓድ ዘመናይ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ለዚህ ሁሌ አመሰግናታለሁ። እቴቴ ሮማን እንዴት እንደምትሰፋ ታውቃለህ፤ ስፌቷ ጥርስ የማይገባበት ነው። እኔ አለቃ ተብዬ የሷን ያህል አልሰፋሁም።

ባሻም ያን ቀን ሥራችንን ሊያዩ መጥተው ነበርና፣ እየሰፋች ሳለች አንገቷን ሳታነሳ ጠየቀቻቸው።

“ባሻ፣ በዚህ ላይ ተኝቶ የሚተኩስ ልጅ ሰውየውን ከሩቅ እንዴት ነው የሚያየው? እንደ ጥላ ነው?”

ባሻም የምትጠይቃቸው ለምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከረጢቱ ማረጋጊያ እንጂ ማሳያ አይደለም፣ የሚያሳየው መነጽሩ ነው አሏት። የአብተው ዓይነቱ ባለ መነጽር ጠመንጃ ሩቁን ቅርብ ያደርጋል፤ የሰውየው ጢም ሳይቀር ይታያል አሉ።

“ፊቱ ይታያል ማለት ነው?”

“ይታያል።”

“መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ የበለጠ ይታያል?”

“የበለጠ ይታያል፣ ያ ሃዳ” አሉ ባሻ። በቋንቋቸው እናቴ ማለታቸው ነው።

“እንግዲያ ደህና ነው” አለች እቴቴ ሮማንና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

እኔ ወጥቼ ጓሮ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልሰማሁም። እኔ ከረጢቷን ለምን ላክሁ እያልኩ ራሴን ስበላ ሰንብቻለሁ፤ እሷ ደግሞ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ዓይንህ አጥርቶ እንዲያይ፣ ከኔ አጥብቃ ትሰፋለች። ጓሮው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ስመለስ ከረጢቱን ጨርሳ፣ ጉሎውን ሞልታ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፍታው ነበር። ይሄን ለሌላ እንዳትሰጪብኝ፣ ለአብተው ነው አለችኝ። ሾፌሩ መሐመድዘይን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚያደርስልህ ከረጢት ይኸው የእሷ ነው። የተልባውን ለጆሮህ አድርገው፤ እባክህን አሁንስ ለጆሮህ አድርገው።

ቤቱ ደህና ነው። የኪራይ ቤቱ ጣራ ትንሽ ያፈሳል፣ እስከ ክረምት አድርሰዋለሁ። ቆቃ በኩል ዝናብ ጠብ ብሏል ይላሉ፤ እዚህ አቧራው ነው። ከሴቶች ማኅበር ሽልማት ይሰጥሻል ብለውኛል፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ልብስ መስፊያው መኪናዬ ቀበቶው ላልቶ ያስቸግረኛል። አንተን ሳስብ ደግሞ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይቆማል፤ ደንበኞቼ “ምን ሆነሻል?” ይሉኛል።

እቴቴ ሮማን አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። እስካሁን የጻፍኩትን አንብቤላታለሁ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለች፤ የምትለኝን እንዳለ ነው የምጽፍልህ። ገብረወልድ ሥራ የያዘው አንተ ወደምትሄድበት አገር ነው። አገሩ ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ተራራና ተራራ አይገናኝም እንጂ ሰውና ሰው ይገናኛል። እንደምታውቀው ሆኖ ላይጠብቅህ ይችላል። ከስቶ ይሆናል፤ ጢም አብቅሎ፣ ፀጉሩን ለቅቆ ይሆናል፤ ፀሐይም አጥቁሮታል። ስለዚህ ፊቱ ቢያታልልህ አካሄዱን እይ ትላለች። ሲራመድ ቀኝ ትከሻው ይቀድመዋል። ሲቆም በግራ እግሩ ያርፋል። ሰው ሲጠራው ወዲያው አይዞርም፤ መጀመሪያ ማጅራቱን ያሻል፣ ከዚያ ነው የሚዞረው። ይህን አባቱም ያደርግ ነበር። ካገኘኸው እናትህ ደህና ናት በለው፤ አልተቀየመችህም በለው።

ጓድ፣ ይህችን ክፍል እንዳይሰርዙብኝ እለምንዎታለሁ። ሌላውን እንደፈቀዱ ያድርጉ። ይህ ሰላምታ ብቻ ነው፤ የአንድ እናት ሰላምታ ነው።

አብቴ፣ ሩቅ ላይ ሰው ባየህ ጊዜ አትቸኩል። ባሻ እንደነገሩኝ አለቆችህም የሚያስተምሩህ እንዳትቸኩል ነው። ካየህ በኋላ ደግመህ እይ። ከተቀመጠ እስኪነሳ፣ ከቆመ እስኪራመድ ጠብቀው።

አንተን ከሰው እጅ፣ ሰውንም ካንተ እጅ አምላክ ይጠብቅ። በሄድክበት እግርህን ያቅናልህ፤ በወጣህበት በር ይመልስህ።

እናትህ በላይነሽ

እናትህ ሮማነወርቅ